አዋሳኝ

አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲተዋወቅ «አገርህ የት ነው?» ይባላል። «ጎንደር» ብዬ እጀምራለሁ። «ጎንደር የት?» «ደቡብ ጎንደር።» «ደብረ ታቦር?» «አይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ፣ እስቴ።» ጠያቂው አገሩን የሚያውቅ ከሆነ አይለቅም። «እስቴ የት ላይ?» «መካነ ኢየሱስ።» «ከከተማው ነው ከባላገሩ?» ከዚህ በኋላ የምጠራው የደብር ስም ነው፤ ቀጥሎ የወንዝ፣ ቀጥሎ የጎጥ። በመጨረሻ አንድ ዋርካ፣ አንድ ምንጭና ሦስት አራት ቤት ይቀራል። ያን ጊዜ ጠያቂው ወይ «የእገሌ ልጅ ነሃ!» ብሎ ያቅፈኛል፣ ወይ ዝም ይላል። ካርታው የሚያውቀው እስከ መካነ ኢየሱስ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቀው ሰው ነው።

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አላስታውስም። እየቆየ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ስለ ጎንደር የተጻፈው መደርደሪያ ይሞላል። ስለ ደብረ ታቦርም የሚነበብ አይጠፋም። ወደ እስቴ ሲወርዱ ጽሑፉ ይሳሳል፤ ዋርካው ዘንድ ሲደርሱ አንድ መስመር የለም። እኔን ያሳደገኝ ደግሞ ጎንደር አይደለም፣ ዋርካው ነው። ሰው ከሆነበት ቦታ ይልቅ ያልሆነበት ቦታ በተሻለ ከተጻፈ፣ ራሱን የሚያውቀው በምን በኩል ነው?

ከቃሉ ልነሣ። መካን በግእዝ ቦታ ማለት ነው፤ መካነ ኢየሱስ፣ የኢየሱስ ቦታ። በአማርኛ መካን የምንለው ግን ያልወለደን ነው። ሁለቱ ቃላት ሥራቸው ለየቅል ነው፤ ጆሮ ግን አይለያቸውም። ልጅ ሳለሁ የከተማችን ስም ለምን እንዲህ እንደሚያሳዝን አይገባኝም ነበር። ዛሬ ሳስበው ግጥምጥሞሹ ያስተምራል። መሬት ሁሉ ቦታ አይደለም። በስም የሚጠራው ሰው ያገኘ መሬት ቦታ ይሆናል፤ ጠሪው ያለቀበት መሬት ደግሞ እህል ቢያበቅልም መካን ነው።

አገር የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው። በከተማ አገር ማለት ኢትዮጵያ ናት፣ ሰንደቅ ዓላማ ያላት። ለእናቴ አገር ማለት በእግር ደርሰው የሚመለሱበት ነው። «አገሩ ሁሉ መጣ» ስትል ያጥቢያው ሰው ለቅሶ ደረሰ ማለቷ ነው። «አገር አይቶ ይፍረድ» ስትልም ጎረቤት ማለቷ ነው። በእሷ አፍ አገር ዓይንና እግር አለው፤ ይመጣል፣ ያያል፣ ይቀብራል።

የእኛ አገር አቀማመጥ ለመግለጽ አይከብድም። መካነ ኢየሱስ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በሰሜን ጉና አለ፣ ከ4,100 ሜትር የሚያልፍ። በደቡብ በኩል አገሩ እየወረደ ወርዶ ዓባይ በረሃ ይገባል። ምሥራቁ ስማዳና ጋይንት፣ ምዕራቡ አንዳቤትና ደራ ነው። ጉና ላይ የጣለ ዝናብ ወዲያ ከፈሰሰ ርብንና ጉማራን ይዞ ጣና ይገባል፤ ወዲህ ከፈሰሰ ጣናን ሳያይ ቁልቁል ዓባይ ይደርሳል። አንዱ ጠብታ በሐይቅ ዞሮ፣ ሌላው በገደል ተንደርድሮ፣ ሁለቱም አንድ ወንዝ ናቸው። ከገብሱ አገር ተነሥቶ ጤፉን አቋርጦ ማሽላው ዘንድ የሚወርድ ሰው ጋቢውን መጀመሪያ ከራሱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ክንዱ እያወረደ ነው የሚሄደው። ደጋና ቆላን የምናውቀው በጋቢ ነው።

ከሩቅ የመጣ እንግዳ እኛ ዘንድ ሲደርስ «መንደሩ የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው መንደሩ መካከል ቆሞ ነው። ቤቶቻችን እንደ ከተማ ጎን ለጎን አይሰለፉም፤ አንዱ ከአፋፉ፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ አንዱ ከባሕር ዛፉ ሥር ነው። መንደር የሚያደርጋቸው ደወሉ ነው። ያንድ ደብር ደወል የሚሰሙ፣ ባንድ ሰንበቴ የሚበሉ፣ በወንፈልና በደቦ የሚረዳዱ፣ ባንድ ቅጽር የሚቀበሩ። ከፍታው ላይ ደግሞ ደብሩ ጥዱንና ወይራውን ለብሶ ይታያል። «እመጓ» የተባለውን መጽሐፍ የጻፈልን ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ነው፤ ለዶክትሬቱ ያጠናውም የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። ዙሪያው ታርሶ ተላጭቶ ሳለ ያገሩ ዛፍ ዘር የቀረው በደብሮቹ ቅጽር ውስጥ ነው። እንግዳው መንደሩን ሲፈልግ ማየት ያለበት ያን ጥቁር አረንጓዴ ክብ ነበር።

አሁን ባሕር ተሻግሬ ወደ ሌላ መንደር ልሂድ፤ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጀርመን ውስጥ፣ በደቡብ ምዕራቡ፣ ሽዌቢሽ አልብ የሚባል ሰፊ አምባ አለ። አምባው ላይ ኡንዲንገን የምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር አለች። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ አያቁርም፤ የዘነበው ሁሉ ሰርጎ ከሥር በዋሻ ይሄዳል። ስለዚህ የአምባው ሰዎች ዝናብ እየጣለባቸው ውሃ ይጠማቸው ነበር። የጣሪያ ውሃ በጉድጓድ፣ የሜዳ ውሃ በኩሬ እያጠራቀሙ ኖሩ። ከሸለቆው በቧንቧ ተገፍቶ ውሃ ወደ አምባው መውጣት የጀመረው በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የእስቴ ሴት እንስራ አዝላ ከምንጭ ወደ አፋፍ ስትወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም።

ሌላም የሚያመሳስለን ነበር። ኡንዲንገን ባለችበት በቩርተምበርግ አገር መሬት ለበኩር ልጅ ብቻ አይተላለፍም ነበር፤ ወንድ ሴት ሳይባል ለልጆች ሁሉ ይከፋፈል ነበር። ማሳው በየትውልዱ እየተቆረሰ መጥበብ ሆነ፤ የጠበበበት ሰው ወደ እጅ ሥራና ወደ ስደት አመራ። እኛ ዘንድም ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠር ነበር። አቅኚ አባቱን ጠርቶ፣ ትውልዱን በሽማግሌ ፊት ቆጥሮ ያስረዳ ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ ድርሻ አለኝ ይል ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እስኪሆን ድረስ የአገራችን ሰው ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ሙግት ነው። ስም መቁጠር እንጀራ ነበር። አያቶቻችን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ለጌጥ አልነበረም።

ሚሲዮናዊው ዮሐን ማርቲን ፍላድ በ1831 (እ.ኤ.አ.) የተወለደው እዚያች ኡንዲንገን ነው። በ1855 ከሌላው ሚሲዮናዊ ከክራፕፍ ጋር ሆኖ አዲስ የነገሠውን ቴዎድሮስን ሊያይ መጣ። በኋላም ተመልሶ በደምቢያ ከቤተ እስራኤል መካከል ተቀመጠ። በ1866 ንጉሡ ሚስቱንና ልጆቹን በመያዣ አስቀርቶ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ያስያዘው እሱን ነው። ይህን ታሪክ የሚያውቀው ብዙ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን የሰውየው መንደር ታሪክ ነው።

ከ1818 እስከ 1840 (እ.ኤ.አ.) የቩርተምበርግ መንግሥት አገሩን በሙሉ ማሳ በማሳ አስለካ። ካርታው 1 ለ2,500 ነው፤ የእያንዳንዱ ገበሬ ቁራሽ መሬት ከነድንበሩ ይታይበታል። በላዩም የአገሬው ሰው ማሳዎቹን የሚጠራበት ስም ተጽፏል። ከዚሁ ጎን እያንዳንዱን ወረዳ መንደር በመንደር የሚገልጽ ተከታታይ መጽሐፍ መታተም ጀመረ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1824 የወጣው ስለ ሮይትሊንገን ወረዳ ነው፤ ኡንዲንገን ያለችበት። ፍላድ ሳይወለድ መንደሩ በመጽሐፍ ውስጥ ነበረች። እየዳኸ ባደገበት ዘመን ደግሞ ለኪዎቹ አገሩን በሰንሰለት ይዞሩት ነበር።

አልደብቅም፣ ይህን ሳነብ ቀናሁ። ልኬታው ለፍቅር አልተደረገም፤ ለግብር ነው። የግብሩ ደረሰኝ ግን ጠፍቷል፤ የማሳዎቹ ስም አለ።

ወደ እኛ ልመለስ፤ የሚቀጥለው ታሪክ ከደጃችን ነው። ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ቴዎድሮስ በባዝል አጠገብ ካለው ከሳንክት ክሪሾና ሚሲዮን የተላኩትን ጀርመኖችና ስዊሶች ያሰፈረው እዚያ ነበር፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ንጉሡ ደግሞ የፈለገው እጃቸውን ነው። አንዳንዶቹ ካገር አገቡ፣ ወለዱ፣ አጥር አጠሩ። ለጥቂት ዓመታት በበጌምድር መሬት ላይ አንዲት ትንሽ የጀርመን መንደር ነበረች ማለት ነው፤ ምድጃዋ ከሌሎቹ መንደሮች ምድጃ ለየት ያለ።

ጋፋት የሚለው ስም ራሱ አሳዛኝ ነው። በዓባይ ዳር ይነገር የነበረ ቋንቋ ስሙ ይኸው ነው፤ ከአማርኛ ጋር ዘመድ የሆነ። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1947 (እ.ኤ.አ.) ተናጋሪ ፍለጋ ሲመጣ ያገኘው አራት ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ ቋንቋው የለም። ስሙ በቦታ ላይ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ሞቶ ደጃፉ ላይ እንደቀረ ከዘራ።

ሴባስቶፖል የተባለው የቴዎድሮስ መድፍ የተቀለጠው እዚያ ጋፋት ነው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው መድፍ ከነጋሪው ተነሥቶ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ መቅደላ ሊሄድ ጉዞ ጀመረ። በጋይንት ደጋና በወድላ አለፈ፣ የዠዳን ገደል ወረደ ወጣ፣ በደላንታ ተጎትቶ በሽሎን ተሻገረ። ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡ ራሱ በእጁ ድንጋይ እያነሣ መንገዱን ይጠርግ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ መድፉም እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

በዚህ ታሪክ እኮራለሁ። ደግሜ ሳነበው ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል። ጋፋት ላይ እነማን ብረት እንዳቀለጡ በስም እናውቃለን። የአንዱን የሞሪትዝ ሆልን ዘር እንኳ ተከትለን መሄድ እንችላለን፤ በመቅደላው ዘመቻ ሰሞን የተወለደችው ልጁ ማግዳሌና የእንግሊዙ ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖፍ አያት ናት። ለምድጃው ከሰል ያከሰለው፣ ጭቃውን የረገጠው፣ ገመዱን የጎተተው የበጌምድር ሰው ግን ማን ነበር? በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት የንጉሡ ሠራዊት በጌምድርን ይዘርፍ እንደነበርም ተጽፏል። መድፉ በየት በኩል እንዳለፈ እናውቃለን፤ በማን ቡቃያ ላይ እንዳደረ አናውቅም።

እንግሊዞቹ መቅደላን ይዘው ሲመለሱ የጋፋት ሰዎችም አብረው ወጡ። ቫልድማየር ሊባኖስ ገብቶ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ትዝታውንም ጻፈ። መንደሮቻችን በሌላ ሰው ትዝታ ውስጥ ያሉት በዚህ መልክ ነው፤ እንደ ማለፊያ። ንጉሥ ሲያልፍ፣ ጦር ሲያልፍ፣ መንገደኛ ሲያልፍ አንድ ሌሊት ይበራላቸዋል፤ ሲነጋ ይጠፋሉ። የታሪክ መጻሕፍታችን የመንገድ ታሪክ ናቸው። መንገዱ ዳር ያለው ሰው ለራሱ ግን ማለፊያ አይደለም።

ስለ መሻገር ካነሣሁ ሰባራ ድልድይን ሳልናገር አላልፍም። ሞጣን ከበጌምድር የሚያገናኘው ይህ የዓባይ ድልድይ በፋሲለደስ ዘመን በኖራና በድንጋይ የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ግራና ቀኙ ቆሞ፣ ከሥሩ ዓባይ እያገሣ፣ መሀሉ ክፍት ሆኖ ቀረ። ገበያው ግን አልቀረም፤ ዝምድናውም፣ ጋብቻውም፣ የለቅሶው መንገድም። ሰዎች ወዲያና ወዲህ ሆነው ገመድ ይወራወሩ ጀመር።

ነገሩን በቅርበት አስቡት። መንገደኛው ጫማውን ያወልቃል። ገመዱ ወገቡ ላይ ይታሰራል፤ ከዚህ በኩል ያሉት እየለቀቁ ከዚያ በኩል ያሉት ይስባሉ። ለጥቂት ጊዜ ሰውየው በጎጃምም በበጌምድርም መሬት ላይ አይደለም፤ ያለው በሰው እጅ ላይ ነው። የሚስቡትን አያውቃቸው ይሆናል። ክርስትና አያገናኛቸው፣ ጡት አያገናኛቸው። ግን ገመዱን ቢለቁት ይሞታል፤ እነሱም ነገ ወዲህ መሻገር አለባቸው። እንዲህ ሆኖ ከስልሳ ዓመት በላይ ተኖረ። ድንጋዩ የተወውን ሥራ ሰው ተቀበለ።

የእነዚህን ሰዎች ፎቶግራፍ በ2001 (እ.ኤ.አ.) አንድ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ፣ ኬን ፍራንትዝ፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አየ። ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቁሞ በዓመቱ መጥቶ ክፍተቱን አስጠገነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 በዚያው አካባቢ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ አዲስ መሸጋገሪያ ተሠራ። ስሙ ግን ያው ሰባራ ድልድይ ነው። የአገሬ ሰው ቦታን ሲሰይም ያየውንና የቻለውን ይናገራል፤ የጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ናት፣ እውነትም ንፋስ የሚወጣባት። እንዲህ ያለ ስም አንድ ሙሉ የአየር ጠባይ ዘገባ ነው።

ያ ገመድ አዋሳኝ ምን ማለት እንደሆነ አሳየኝ። አዋሳኝ ስንል ድንበርተኛ፣ ተጣይ፣ ዛሬም ነገም በማረሻ የሚገፋ እናስባለን፤ ያም እውነት ነው፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፍ ይመሰክራል። ቃሉ ግን ሌላ ፊት አለው። የእኔ መሬት የት እንደሚያልቅ የማውቀው የእሱ የሚጀምርበትን ሳውቅ ነው። እሱ ባይኖር የእኔ ይበዛ ነበር እንጂ የእኔ አይሆንም ነበር። ቦታን ቦታ የሚያደርገው ከሌላው ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው።

በአውሮፓ ብዙ መንደሮች ልደታቸውን ያከብራሉ። ልደት የሚሉት ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት የተገኘበትን ዓመት ነው። በጀርመን የሎርሽ ገዳም በ12ኛው መቶ ዘመን የጥንት ሰነዶቹን ባንድ መጽሐፍ አስገልብጦ ነበር፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ መንደሮች መጀመሪያ የሚታዩት በዚያ ነው። እዚያ ምን ተብሎ ተጻፈ? እገሌ የተባለ ሰው ለነፍሱ ሲል ይህን ያህል መሬት፣ ይህን ያህል ወይን፣ ይህን ያህል ገባር ለገዳሙ ሰጠ። እኛም እንዲሁ ነን። በየደብሩ ዕቃ ቤት ያለውን ወንጌል የገለጠ ሰው በባዶ ቅጠሎቹና በህዳጉ ላይ የመሬት ስጦታ፣ የጉልት ሽያጭ፣ የምስክሮች ስም ያገኛል። ምስክር የሌለው ነገር በወንጌል ላይ አይጻፍምና።

ስለዚህ በሁለቱም አገር መንደር ወደ ታሪክ የገባችው በተሰጠችበት ቀን ነው። ይህን ሳስብ ይቆጨኛል። ሰጪው ተጽፏል፤ ተቀባዩ ተጽፏል፤ የተሰጠው ሰው ግን በቁጥር ነው ያለው። ቢሆንም ለዚያ ጸሐፊ ምስጋና አለኝ። የከበረውን መጽሐፍ ህዳግ ለማሳ ስም ሰጥቷል። ዛሬ ያን ያህል ክብር ለማሳ ስም የሰጠ አላየሁም።

ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአማራ ክልል ገበሬ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይዟል። የእናቴን አገር ቤት በሄድኩ ጊዜ አይቼዋለሁ። በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በነጠላ ታስሮ፣ ከሳጥኑ ሥር ነው የሚቀመጠው። ስትፈታው እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች። ውስጡ የባልና የሚስት ፎቶ አለ፤ አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ እሷ ሻሿን አሥራ። ከዚያ የማሳዎቹ ዝርዝር ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ አዋሳኝ። በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሊት፣ በምሥራቅ ወንዝ፣ በምዕራብ መንገድ። ገጹን ሳነበው ጎረቤቶቻችንን ሁሉ አገኘኋቸው። ከመካከላቸው የሞቱም አሉ፤ በደብተሩ ላይ ግን አሁንም በሰሜን ናቸው።

«እማዬ፣ ይሄ የወንዙ ዳር ማሳ ማን ይባላል?» አልኳት።

«የቱ? ከወንዙ ወዲህ ያለው? ጅብ ዋሻ ነዋ።»

«ደብተሩ ላይ እኮ የለም።»

«ደብተሩ ምን ያውቃል ልጄ! እነሱ የጠየቁን ስፋቱንና አዋሳኙን ነው። ስሙን ማን ጠየቀን?»

ከዚያ ሳልጠይቃት ቀጠለች፤ በጣቷ እየቆጠረች። ግራር ሥር። የቄሱ ድንበር። ዋልካው። ጥሎሽ፣ አያቷ ሲዳሩ የተሰጠ ነው። አንዱ ዘንድ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እሱ ደግሞ የሄዱት ነው።» የማን ማለት ነው ብላት፣ በ77ቱ ድርቅ መተከል ሠፈራ የሄዱ ጎረቤቶች እንደነበሩ ነገረችኝ። ባልየው፣ ሚስትየዋ፣ አምስት ልጆች። አልተመለሱም። መሬቱ ለሌላ ተደለደለ፣ እንደገናም ለሌላ። ዛሬ የሚያርሰው ልጅ ያኔ አልተወለደም፤ ግን እሱም «ዛሬ የሄዱት ላይ ነው የምውለው» ይላል። የሰባት ሰዎች መታሰቢያ ሐውልት ይህ ብቻ ነው፤ አንድ ቃል፣ ሰው አፍ ላይ።

አሁን ሁለተኛው ልኬታ መጥቷል። ከአየር ላይ በተነሣ ፎቶ፣ ማሳው በመስመር ተከቦ፣ በቁጥር ተለይቶ። መልካም ነው፤ ለሙግቱ፣ ለውርሱ፣ ለብድሩ የተሻለ ነው፣ የድሀዋንም መብት ከቃል ይልቅ ያጸናል። በዚህ ላይ አልከራከርም። የሚያሳስበኝ ካርታው ላይ ጅብ ዋሻና የሄዱት አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም ቁጥር ናቸው። የኡንዲንገን ለኪዎች ለግብር ብለው ሲለኩ እንኳ ስሙን ጠይቀው ጽፈዋል። እኛ ከ200 ዓመት በኋላ የተሻለ መሣሪያ ይዘን መጣንና ስሙን ሳንጠይቅ አለፍን። ይህ ስሕተት ነው፤ ለማረምም ገና አልረፈደም።

ትንሽ ቦታ ትልቅ ነገር መሸከም አይችልም የሚል ካለ ታች ጋይንት ወርዶ ቤተልሔምን ይይ። ድጓ የተማረ ሰው ከየትም አገር ይነሣ፣ ሊመሰክር የሚሄደው እዚያ ነው። የያሬድን ዜማ ያህል ነገር የሚጸናው ባንዲት የገጠር ደብር ነው፤ ያጸናትም አዳራሽ ሳይሆን ቃሉን ካፍ ወደ አፍ ሳያዛንፉ የሚቀባበሉ ሰዎች መኖራቸው ነው። ምስክር የምንለው ይህን ነው። የማሳም ስም ምስክር ይፈልጋል፤ ያለው ምስክር ደግሞ እያረጀ ነው። ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ፣ ለሥራ አዲስ አበባና ዓረብ አገር ሄዷል። ስም በውርስ የሚተላለፈው አብሮ በማረስ ነበርና።

ለመስቀል ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የምትገቡ ሁሉ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከሽማግሌ ጋር ውጡና ድንበሩን ዙሩ። አሮጊቶችንም አትርሱ፤ ምንጭና የእንጨት ቦታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ማሳው፣ ምንጩ፣ ድንጋዩ፣ ገደሉ ማን እንደሚባል ጠይቁ። ለምን እንደተባለ ከታወቀም ጻፉ፤ ካልታወቀ ስሙን ብቻ ጻፉ። በአራቱም አቅጣጫ አዋሳኙን አስከትሉ፣ የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ከግርጌው አኑሩ። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ለአንድ ጎጥ ይበቃል። ሁለት ጊዜ ገልብጡትና አንዱን ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱን ለደብሩ ዕቃ ቤት ስጡ፤ ከወንጌሉ ጎን ይቀመጥ።